የባጃጅ ሞተር ሲወርድ ሽቦው እንዴት ይፈታ፦ ከኮምቦልቻ የስራ ተሞክሮዬ

ሰላም ወገኖች። እኔ ኮምቦልቻ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ በተለይ የኤሌክትሪክ ስራውን። ይሄን የምጽፈው ለባለንብረቶችም ለሹፌሮችም ለጀማሪ መካኒኮችም ነው፣ ምክንያቱም እኔ ጋ በገመድ እየተጎተቱ ከሚመጡት ባጃጆች ብዙዎቹ ሞተራቸው ገና ከጥገና የወጣ ነው። ፒስተኑ አዲስ፣ ፋሻው አዲስ፣ ሲሊንደሩ ቦሪንግ ተሰርቶለት፣ ባለቤቱ ያለ የሌለ ብሩን አፍስሶበት ግን አይነሳም። ወይ ይነሳና ቻርጅ አያደርግም፣ ወይ ሰኞ ሰርቶ ማክሰኞ መንገድ ላይ ይቆማል። ከዛ ሁሉም ሰው ሞተሩን መውቀስ ይጀምራል፣ አንዳንዱማ ድጋሚ ይወርድ ይላል። ከፍቼ ሳየው ግን ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ያለው ሞተሩ ሲወርድ ሽቦው በተነቀለበት ሁኔታ ላይ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ይገባኛል። ሞተር የሚያወርድ ሰው አይኑ ቡሎን ላይ ነው፣ ፍሪሲዮን ካቦ፣ የማርሽ ካቦ፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ ሰሚያሴ (ሀይሉን ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ)፣ እነዚህ ጉልበት የሚጠይቁት ላይ ይጠመዳል። ሽቦ ቀጭን ነገር ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይታወሳል፣ ሶኬቱ በአቧራና በዘይት ተጣብቆ እምቢ ሲል ደግሞ ፒንሳ ይመጣና ቅጭ፣ «ኋላ እንቀጥለዋለን» ይባላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ሽቦ አይቆረጥም፣ ይፈታል። የተፈታው ደግሞ ከየት እንደተፈታ ይታወቃል። ይሄ ከተያዘ ሌላው ቀላል ነው።

እኛ አካባቢ ደግሞ ሞተር መውረዱ አይቀርም። ደሴ የሚሰራ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ዳገት ነው፣ ከፒያሳ ወደ ላይ ሰው ጭኖ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይውላል። ባቲ የሚሰራው አቧራና ሙቀት ይበላዋል። ክረምት ላይ ጭቃው ከስር ገብቶ የሞተሩን ክፍል ይሞላዋል። ስለዚህ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ የሚወርድ ሞተር ነው፣ በወረደ ቁጥር አንድ አንድ ሽቦ ከተቆረጠ ከጥቂት አመት በኋላ የሚቀረው ሽቦ ሳይሆን የናስትሮ (የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር) ጥቅልል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ፣ ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ አስነሱትና ሁሉንም ነገር ፈትሹ። መብራት ይበራል? ፍሬቻ? ክላክስ? የኒውትራል መብራቱ ይበራል? ቴስተር ካላችሁ ባትሪው ላይ ቻርጁን ለኩ፣ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ከዛ ወረቀት ላይ ጻፉት። ይሄን የሚያደርግ መካኒክ ብዙም አላይም ግን በጣም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ሞተሩ ተመልሶ ከገባ በኋላ የኒውትራል መብራቱ ባይበራ፣ ድሮም አይበራም ነበር ወይስ እኛ ነን ያበላሸነው የሚለው ክርክር አይነሳም። ባለንብረቱም ቆሞ ይይ፣ ከአጠገቡ ሆኖ ያየ ሰው ኋላ አይጠራጠርም።

ቀጥሎ ስልክ። ፎቶ ጥሩ ነው ቪዲዮ ግን ይበልጣል። የስልኩን መብራት አብርታችሁ ከሩቅ ጀምሩ፣ ሞተሩ በሙሉ ይታይ፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ተጠጉ፣ እየቀረጻችሁ ደግሞ አውሩ፣ «ይሄ ከማግኔቱ (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) የመጣው ነው፣ በዚህ በኩል ከሻንሲው ስር አልፎ እዚህ ሶኬት ገባ» እያላችሁ። ሽቦው የሚሄድበትን መንገድ መቅረጽ ሶኬቱን የመቅረጽ ያህል ያስፈልጋል። ስትመልሱት በሌላ በኩል ካለፈ ማርሚታው ጋ ተጠግቶ ይቀልጣል፣ ወይ ከሰሚያሴው ጋ እየተፋተገ ይላጣል፣ ሶኬቱ በትክክል ቢገባም። ቪዲዮውን ለባለቤቱም ላኩለት፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሞተር ደግሞ መለዋወጫ እስኪመጣ ጋራዥ ውስጥ የሚከርምበት ጊዜ አለ።

የሽቦ ቀለም ላይ ብቻ አትተማመኑ። ቀለሙ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ቲቪኤስ እና ባጃጅ አንድ አይደሉም፣ ባለ ሁለት ስትሮክና ባለ አራት ስትሮክም አንድ አይደሉም፣ ከዛ ላይ ደግሞ ብዙ እጅ የነካው ባጃጅ ከሆነ ሱቅ ላይ የተገኘው ቀለም ነው የተቀጠለበት። አንዴ የመጣልኝ ባጃጅ ከሞተሩ የሚወጣው ሽቦ በሙሉ ቀይ ነበር፣ ቀይ ጥቅል ገዝተው ሁሉንም በእሱ ቀይረውት። ስለዚህ ምልክት አድርጉ። ሶኬቱ ላይ በሁለቱም በኩል፣ የሞተሩም የሻንሲውም፣ አንድ አይነት ቁጥር፣ 1 ከ1 ጋ፣ 2 ከ2 ጋ። በወረቀት ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ ከጻፋችሁ ቤንዚንና ዘይት ያጠፋዋል፣ በማይጠፋ ማርከር ጽፋችሁ ከላዩ በስኮች ሸፍኑት። ማርከር ከሌለ ክር ቋጠሮ ይሰራል፣ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ፣ ሶስት ቋጠሮ። ይሄ ቤንዚን ቢነካውም አይጠፋም።

ከዛ ባትሪ። የማስነሻ ቁልፉን አጥፉና አውጡት፣ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ። ሁሌም ኔጋቲቩ ነው መጀመሪያ የሚፈታው። ይሄን ብዙ ሰው በቃል ያውቀዋል ምክንያቱን ግን አይነግሩትም፣ እኔ ልንገራችሁ። የባጃጁ አካል በሙሉ ከኔጋቲቩ ጋ የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን መጀመሪያ እየፈታችሁ ሳለ የያዛችሁት የብሎን መፍቻ ቁልፍ በሌላኛው ጫፉ ላሜራውን ከነካ፣ በቁልፉ ውስጥ የባትሪው ሀይል በሙሉ ያልፋል፣ ቁልፉ ይግላል፣ እሳት ይረጫል፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል፣ አጠገባችሁ ደግሞ ካርቡሬተርና ቤንዚን አለ። ኔጋቲቩ መጀመሪያ ከተፈታ ግን ቁልፉ የፈለገውን ቢነካ ምንም አይፈጠርም። ስትመልሱ ደግሞ ግልባጩ ነው፣ ፖዘቲቭ መጀመሪያ፣ ኔጋቲቭ መጨረሻ። ባትሪውን ፈትቶ እዛው መተው ሳይሆን አውጥታችሁ ወስዳችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ሞተር ለማውጣት ባጃጁ ከኋላ ይነሳል፣ አንዳንዱም በጎኑ ያጋድመዋል፣ አሲዱ ከፈሰሰ ሽቦውንም ላሜራውንም ይበላል። በዛውም ቻርጅ ይደረግ፣ ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ከያዘ ጤነኛ ነው።

ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ላይ ያለው ወፍራም ገመድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የላስቲክ ቆቡን ወደ ኋላ ስትስቡት ገመዱን የያዘ ዳዶ ታያላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በ10 ቁልፍ ይፈታል። ግን ከዳዶው ስር ብሎኑን ራሱን ከሞተሪኖው ጋ የያዘ ሌላ ዳዶ አለ። ላይኛው በዝገት ከተያዘና በግድ ከዞረ ብሎኑ አብሮ ይዞራል፣ ብሎኑ ሲዞር ደግሞ ውስጥ ላይ የተያያዘችው የካርቦን ገመድ ትበጠሳለች፣ በቃ ጤነኛ የነበረ ሞተሪኖ ሞተ። ስለዚህ ታችኛውን በሌላ ቁልፍ ያዙት፣ ላይኛውን ብቻ ፍቱ። የዛገ ከሆነ ዘይት ነገር ነፍታችሁበት ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ዳዶውንና ሮንዴላውን ከፈታችሁ በኋላ እዛው ብሎኑ ላይ መልሳችሁ በእጅ አስገቧቸው፣ ኪስ ውስጥ የገባ ዳዶ አይገኝም።

የማግኔቱ ሶኬት ነው ዋናው። ከማግኔቱ ኮይል የሚወጡት ሽቦዎች ወደ ሬጉሌተሩና ወደ ሲዲአይ ነው የሚሄዱት፣ ሬጉሌተሩ የባትሪውን ቻርጅ ይቆጣጠራል፣ ሲዲአዩ ለካንዴላው (ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው) የሚሄደውን እሳት ይሰጣል። ሶኬቱ ምላስ አለው፣ ምላሱ ካልተጫነ አይወጣም። ሽቦውን ይዞ መጎተት ፈጽሞ አይሆንም፣ ሽቦው ከውስጥ ካለችው የብረት ጥርስ ይለቅና ከላይ ሲታይ ግን የተያያዘ ይመስላል፣ እንዲህ አይነቱን ብልሽት ማግኘት ደግሞ ቀን ይፈጃል። ሶኬቱን ራሱን ያዙት፣ ምላሱን በትንሽ ካቻቢቴ በቀስታ ቀና አድርጉት፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ አላቁት። ሞተር አጠገብ ብዙ አመት የኖረ ፕላስቲክ በሙቀት ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰበራል፣ ስለዚህ እምቢ ካለ አትታገሉት፣ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ንፉበት፣ ጠብቁት። ሲወጣ ውስጡን እዩ። ጥርሱ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ወይ ጥቁር ሆኖ ከሆነ እዛ ጋ ሙቀት አለ፣ ሙቀት ያለው ደግሞ ግንኙነቱ ስለላላ ነው። «ሬጉሌተር በየጊዜው ይቃጠልብኛል» የሚሉ ሰዎች ሬጉሌተር ከመግዛታቸው በፊት ይሄን ሶኬት ቢያዩት ደስ ይለኛል፣ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው ያለው።

ከማግኔቱ ጋ አብረው የሚወጡ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ የፒክአፕ ኮይሉ ናቸው፣ እሳቱ መቼ ይነሳ የሚለውን ለሲዲአይ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። እነዚህ ከተቆረጡና ሲቀጠሉ ቦታ ከተለዋወጡ እሳት ላይኖር ይችላል፣ ወይ እሳቱ ያለሰዓቱ ይመጣና ሞተሩ ይተኩሳል፣ ጉልበት ያጣል፣ አልነሳም ይላል። መካኒኩ ቫልቭ ይፈትሻል፣ ካርቡሬተር ያጥባል፣ ሰንሰለቱን ድጋሚ ይከፍታል፣ ጥፋቱ ግን የሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መገላበጥ ነው። ሶኬቱ በሶኬትነቱ ቢፈታ ኖሮ መገላበጥ የሚባል ነገር አይኖርም፣ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገባው።

የካንዴላው ቆብ ቆቡን ይዛችሁ እያዞራችሁ ነው የሚወጣው፣ ሽቦውን ይዛችሁ አይደለም። ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ሻንሲው ላይ ከሆነ እዛው ይቅር፣ አትንኩት። የኒውትራልና የሪቨርስ ስዊች ሽቦዎች አሉ እንደ ሞዴሉ፣ እነሱም እንደሌላው ነው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ፣ ማሳ። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የኔጋቲቭ ገመድ፣ አንዳንዱ ላይ የተጠለፈ ጠፍጣፋ ገመድ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ወፍራም ጥቁር። ሞተሩ የሚቀመጠው በላስቲክ ጎማ ላይ ስለሆነ ከሻንሲው ጋ በብረት አይነካካም፣ ስለዚህ ሞተሪኖው የሚበላው ሀይል ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚህ ገመድ ነው። ሲወርድ አብሮ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ ሲገባ የሚረሳው ሁሌም እሱ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ባይኖርም ነገሮች የሚሰሩ ይመስላሉ። እንዴት መሰላችሁ፣ ኤሌክትሪክ መንገድ ካጣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ ሞተሩንና ሻንሲውን የሚያገናኝ ሌላ ብረት ደግሞ የፍሪሲዮን ካቦና የቤንዚን ካቦ ናቸው። በእነሱ ውስጥ ያልፋል።

ባለፈው ክረምት ከሐርቡ የመጣ ባጃጅ ነበር። ባለቤቱ በእድሜ የገፉ አባት ናቸው፣ የሚነዳው ልጃቸው ነው። ሞተሩ ሌላ ቦታ ወርዶ ሙሉ ጥገና ተሰርቶለት፣ ከዛ ሞተሪኖው አቅም የለውም ተብሎ ሞተሪኖ ተቀይሮ፣ ከዛ ደግሞ ሞተሩ ጠብቋል ተብሎ ድጋሚ ወርዷል። ሽማግሌው በጣም አዝነዋል፣ በሱ ነው ቤቱ የሚተዳደረው።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሞተር አሁንም ይወርዳል ካልከኝ በቃኝ፣ እሸጠዋለሁ» አሉኝ።

«አብሽሩ አባቴ፣ ሳናወርደው መጀመሪያ እንየው» አልኳቸው።

ልጁን ሌላ የተቀየረ ነገር ካለ ስጠይቀው «ጋሼ የቤንዚን ካቦው በየጊዜው ይይዝብኛል፣ ቀየርኩት፣ አዲሱም ያው ያዘ» አለኝ። ይቺን ስሰማ ሞተሩን መንካት አላስፈለገኝም። ቴስተሩን ቮልት ላይ አደረግኩና አንዱን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ፣ አንዱን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጌ «አስነሳ» አልኩት። ማሳው ጤነኛ ከሆነ እዚህ የሚነበበው በጣም ትንሽ ነው፣ 0.2 ቮልት አካባቢ፣ 0.5 ካለፈ መፈተሽ አለበት። ይሄኛው ከ3 ቮልት በላይ አነበበ። ካቦውን በእጄ ስነካው ይሞቃል። ሳወጣው የውስጡ ፕላስቲክ ቀልጦ ሽቦውን ይዞታል። የማሳውን ገመድ ፈልጌ ሳገኘው ከሻንሲው ኋላ ታጥፎ ከሌሎች ሽቦዎች ጋ በናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር፣ ማንም አላሰረውም። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጌ፣ አዲስ ካፖኮርዳ (የገመድ ጫፍ ማሰሪያ ብረት) አድርጌ አሰርኩት፣ ካቦ ቀየርን፣ ልጁ ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሪኖው ወዲያው አነሳው። አባትየው ደጋግመው መረቁኝ፣ እኔ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ በአንዲት ቡሎን ምክንያት መውጣቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። ይሄን ጽሁፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ማሳውን ስትፈቱ ብሎኑን እዛው ቀዳዳው ላይ መልሳችሁ አስገቡ፣ ገመዱን ደግሞ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ማንም ሰው ቢመጣ ይቺ ቀይ ጨርቅ ምንድን ናት ብሎ ይጠይቃል።

ሁሉም ከተፈታ በኋላ ሻንሲው ላይ የቀረውን ሽቦ ሰብስባችሁ ወደ ላይ እሰሩት፣ የሶኬቶቹን አፍ በፌስታል ጠቅልሉ። ሞተር ሲወርድ ሁለት ሰው ይያዝ፣ ሶስተኛ ሰው ካለ ስራው ሽቦ ማየት ብቻ ይሁን፣ ረዳት ልጆች ለዚህ ጎበዝ ናቸው ትንሽ እጅ ስላላቸውም። ሙሉ በሙሉ ከማውረዳችሁ በፊት እጃችሁን በሞተሩ ዙሪያ፣ በላይም በስርም፣ አዙሩ። ከዛ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ዝቅ አድርጉና አቁሙ። የተወጠረ ነገር አለ? ካለ የተረሳ ሽቦ ነው። ከሌለ አውርዱ።

ሞተሩ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ለኤሌክትሪክ ሰው ትልቅ እድል ነው፣ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ። የተላጠ፣ የደረቀ፣ አይጥ የበላው ይገኛል። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ቆመው የከረሙ ባጃጆች ላይ አይጥ የበላው ሽቦ ብዙ አይቻለሁ፣ የኋላ ወንበሩ ስር ጎጆ ሰርታ። ድሮ የተቀጠለ ቦታ ካገኛችሁ ክፈቱት። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እኛ ጋ የተለመደ ነው ግን አይበረክትም፣ በኮምቦልቻና በባቲ ሙቀት የናስትሮው ሙጫ ይቀልጥና ይንሸራተታል፣ ከስር ያለው መዳብ አረንጓዴ ይሆናል። በስታኞ መበየድም ቢሆን እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ ላይ ከብየዳው ጫፍ ጋ ሽቦው ይሰበራል፣ ባጃጅ ደግሞ ሁሌ ይንቀጠቀጣል። የተሻለው በመጠኑ የሆነ ማያያዣ ብረት በመጨመቂያ ፒንሳ ጨምቆ፣ ሲሞቅ የሚኮማተር የላስቲክ ቱቦ ማልበስ ነው፣ ከዛ ሽቦው እንዳይወዛወዝ ሻንሲው ላይ ማሰር። ሞተሩ ሲታጠብ ደግሞ የማግኔቱን ሶኬት በፌስታል ሸፍኑት፣ ናፍጣና ውሃ አትርጩበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሞተር ሲወርድ የተሰነጠቀ ሻንሲ ይታይና «እግረ መንገዳችንን ይበየድ» ይባላል። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ግን ከመበየዱ በፊት ባትሪው መውጣቱን፣ ሲዲአይና ሬጉሌተሩ ከሶኬታቸው መላቀቃቸውን አረጋግጡ። የብየዳው ማሳም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። የብየዳ ከረንት በእነሱ ውስጥ ካለፈ ያቃጥላቸዋል፣ ሞተሩ ተመልሶ ሲገባም እሳት የለም ይባላል።

ሐይቅ ላይ የጀልባ ሞተር የሚሰራ ጓደኛ አለኝ፣ ስራችንን ስናወራ ነገሩ ያው ነው፣ ማሳ፣ ሶኬት፣ ምልክት። የሱ ግን አንድ ተጨማሪ አደጋ አለው። ሞተሩ ከጀልባው ሆድ ውስጥ የሆነ ወይ እንደ ጄት ስኪ በክዳን የተዘጋ ከሆነ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከስር ይተኛል፣ ክዳኑ ተከፍቶ በደንብ ሳይናፈስ ባትሪ ከተነካ ትንሽ ብልጭታ ትበቃለች። እርጥበትም ስላለ ሶኬቶቹ ውስጥ ለኤሌክትሪክ የሚሆነውን ግራሶ ሳያደርግ አይዘጋም። ይቺን ከሱ ወስጄ ክረምት ላይ ለባጃጅም እጠቀምባታለሁ፣ ሶኬቱ ከጸዳና ከደረቀ በኋላ ትንሽ ብቻ።

ሲመለስ። ሞተሩ ጎማው ላይ ተቀምጦ ቡሎኖቹ እንደታሰሩ መጀመሪያ ማሳ፣ ከሁሉም በፊት፣ ቀለምና ዝገቱ ተፈትጎ። ከዛ በምልክታችሁ መሰረት ሶኬቶቹን፣ እያንዳንዱ «ቀጭ» ሲል ትሰማላችሁ፣ ካልሰማችሁ አልገባም። ሽቦው የሚሄድበትን ከቪዲዮው ጋ አመሳክሩ። ከዛ ባትሪ፣ ፖዘቲቩን እሰሩ፣ ኔጋቲቩን ግን ገና አትሰሩ። አንድ የ12 ቮልት የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ አዘጋጁና አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የተፈታው የኔጋቲቭ ገመድ ላይ አድርጉ፣ የማስነሻ ቁልፉ ጠፍቶ። አምፖሉ ካልበራ ጥሩ ነው። ደምቆ ከበራ አንድ ቦታ ላይ የተጨፈለቀ ወይ የተላጠ ሽቦ ላሜራ ነክቷል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ስር የተያዘ ሽቦ። ኔጋቲቩን በቀጥታ አስራችሁ ቢሆን ኖሮ ሽቦው ይቃጠል ነበር፣ አሁን ግን አምፖል ብቻ በራ፣ ተረጋግታችሁ ፈልጉት። በአምፖሉ በኩል ሞተሪኖ ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ለመፈተሻ ብቻ ነው።

አምፖሉ ዝም ካለ ኔጋቲቩን እሰሩ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ የኒውትራል መብራቱን እዩ። እሳት ለማየት ካንዴላውን አውጥታችሁ ቆቡ ላይ ሰክታችሁ አካሉን ሞተሩ ብረት ላይ አስነኩት፣ ከካርቡሬተሩና ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርጋችሁ። ቆቡን በአየር ላይ ክፍት ትቶ ሞተሪኖ መምታት ቦቢናውንም ሲዲአዩንም ይጎዳል፣ እሱን ተዉት። ከተነሳ በኋላ ያ መጀመሪያ የጻፋችሁት ወረቀት ይውጣ፣ ከሱ ጋ እያመሳከራችሁ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ቻርጅ አንድ በአንድ። ቻርጁ ከ13 በታች ከሆነ ወደ ማግኔቱ ሶኬት ተመለሱ፣ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩን ወይ የሱን ማሳ እዩ፣ በዛ ሁኔታ አይነዳ አምፖልም ባትሪም ይፈጃል።

ለሹፌሩም ንገሩት፣ ሞተር የወረደበት ባጃጅ ጥቂት ቀን ሰርቶ ተመልሶ ይምጣ። ትንሽ እንደነዳ አጥፍቶ የማሳውን ጫፍ፣ የሞተሪኖውን ገመድ፣ የማግኔቱን ሶኬት በእጁ ይንካ፣ ከሞተሩ ሙቀት ውጪ ለብቻው የሚያቃጥል ሶኬት ካለ ላልቷል ማለት ነው። እኔ ጋ ሲመጡ የማሳውን ቡሎን ድጋሚ በቁልፍ አጠብቃለሁ፣ ለዚህ ደግሞ ብር አልቀበልም።